ከመቶ እርምጃ ወደ ሠላሳ

የአምቡላንስ ሾፌር ሆኖ «ጋሽ ቀስታ» ተብሎ መጠራት ያስቃል። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ ስሙን ሲሰማ፣ «ታዲያ በሽተኛው በእግሩ ቢሄድ አይሻለውም?» ይላል። ሳምንት ሳይሞላው ግን ስሙ ከየት እንደመጣ በዓይኑ ያያል። ጋሽ ቀስታ መሪ ሲይዝ እንደ ማንም የአምቡላንስ ሾፌር ይፈጥናል። ቀስታው የሚመጣው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው።

አውራ ጎዳናው ላይ የተጋጨ ወይም የተገለበጠ መኪና ዘንድ ሲደርስ አምቡላንሱን ከአደጋው ወዲህ፣ በትንሹ አግድሞ ያቆማል። የፊት ጎማዎቹን ወደ መንገዱ ዳር ይጠመዝዛል፤ ከኋላ የመጣ መኪና ቢገጨው እንኳ አምቡላንሱ ወደ ቦዩ እንጂ ወደ ሰዎቹ እንዳይሄድ ነው። ከዚያ ኮን የሚሏቸውን ቀያይ የፕላስቲክ ሾጣጣዎች ታቅፎ ይወርድና፣ ፊቱን ለሚመጡት መኪኖች ሰጥቶ፣ የመንገዱን ዳር ይዞ፣ ድምፁን አውጥቶ እየቆጠረ ይራመዳል። መቶ ሲል የመጀመሪያውን ያስቀምጣል። ሌሎቹን እየተመለሰ፣ መኪኖቹ ገና ከሩቅ ወደ ሌላው መስመር እንዲገቡ አድርጎ ይደረድራቸዋል። ይህን ሳይጨርስ ነርስ ትሁን ሐኪም በመንገዱ በኩል መውረድ የለም።

«ቀስ በሉ» ይላል። «እኛ ከወደቅን እኛን ማን ያነሣናል?»

ስድስት ዓመት አብራው የሠራችው ሲስተር ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ምላሷ የማይዝል ልጅ ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ አንጸባራቂ ሰደርያ በወንድ ልክ የተሰፋ ስለነበር ጉልበቷ ድረስ ይወርድባት ነበር። የጋሽ ቀስታ ባለቤት ልብስ ሰፊ ናትና አንድ ቅዳሜ ቤት አስጠርታ፣ በመርፌ ቁልፍ እየወጋጋች ለካቻትና በልኳ አጠበበችላት። ከዚያ ወዲህ ሲስተር የቤት ልጅ ሆነች፤ ሳታንኳኳ ትገባለች፣ ሳትጠየቅ ማሰሮ ትከፍታለች።

ጋሽ ቀስታ እየቆጠረ ሲራመድ ባየችው ቁጥር ትተርበዋለች።

«ጋሼ፣ መሬት እየለካህ ነው? ለማን ልታወርሰው ነው?»

«ላንቺ ነዋ! ባልሽ ቤት ይሠራበታል።»

«ባሉ የት አለና?»

«መጀመሪያ መሬቱ ይገኝ። ባል አይጠፋም።»

መቁጠሩን ማንም አላስተማረውም። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ያኔ መንገድ ሁሉ የአባቱ ርስት ይመስለው ነበር። አንድ ከሰዓት፣ መብራቱን እያብለጨለጨ ዳር የቆመ አምቡላንስ አጠገብ ፍጥነት ሳይቀንስ አለፈ። ዓይኑ የተጨፈለቀችው መኪና ላይ ነበር። ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ እያለ ሲያይ የጎን መስታወቱ አንድ ነገር መታ። ዞር ብሎ ሲያይ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ክንዷን ይዛ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላለች። አልቆመም። ክንዷ ተሰብሮ ይሁን ተጭሮ እስከ ዛሬ አያውቅም። በዓመቱ ጭነቱን ትቶ አምቡላንስ ላይ ተቀጠረ። ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ «ጭነት ወገቤን በላው» ይል ነበር። እውነቱን የነገራት ለሚስቱ ብቻ ነው፣ እሱንም ካገባት በዘጠነኛው ዓመት።

ያ ቀን አንድ ነገር አሳውቆታል። መሪ በእጅ የሚዞር ይመስላል እንጂ የሚዞረው በዓይን ነው። ሾፌር ወደ ተገለበጠ መኪና ካፈጠጠ፣ እጁም ሳያውቀው ወደዚያው ይሄዳል። ስለዚህ ሾፌሩን ገና አደጋውን ሳያይ፣ ከሩቅ ማንቃት ያስፈልጋል። መቶ እርምጃው ለዚህ ነበር።

ክፋቱ፣ ኮን ይጠፋል። ሰው ይወደዋል፤ ቀይ ነው፣ አይሰበርም፣ ለሁሉ ነገር ይሆናል። እነሱ ቁስለኛ ለማንሣት ሲዋከቡ፣ መቶ እርምጃ ርቆ የቆመውን አንዱ ብድግ አድርጎት ይሄዳል። ጋሽ ቀስታ አንዱን ሱቅ ደጃፍ ላይ መኪና እንዳይቆም ተተክሎ አይቶታል። ሌላውን አንድ ሽማግሌ ጫፉን ቆርጠው፣ ዘቅዝቀው፣ እህል ወደ ጆንያ ይሞሉበታል።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ነው» ቢላቸው፣

«እኔስ የማን ነኝ?» አሉት።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ግን አይስቅም። «ጋሽ ቀስታ፣ ኮን ነው ወይስ ከረሜላ የምታድለው? አሥራ ሁለት ሰጥቼህ አራት ቀረ። ሌላ የለኝም። ካሉት ላይ ዓይንህን አትንቀል» አለው።

ዓይኑ ከኮኖቹ ላይ እንዳይነቀል ወደ ራሱ ማቅረብ ነበረበት። መቶው መጀመሪያ ሰማንያ ሆነ፤ ምንም አልደረሰም። ስልሳ ሆነ፤ ምንም አልደረሰም። ጥፋት ሲለመድ እንደ ብልሃት ይቆጠራል፤ ኮን መጥፋቱ ቆመ፣ ዕቃ ቤቱም አመሰገነው። ሠላሳ ላይ ሲደርስ ድምፁን አውጥቶ መቁጠሩን ተወው።

«ጋሼ፣ መሬቴ ጠበበችሳ!» አለችው ሲስተር አንድ ቀን።

«ኑሮ ተወደደ፣ ልጄ» አላት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በፍጥነት የሚመጣ መኪና ሠላሳ እርምጃን፣ ሰው የራሱን ስም ከነአባቱ ጠርቶ ሳይጨርስ ያልፈዋል። ይህን ጋሽ ቀስታ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ዝናብ ያባራበት ከሰዓት ነበር። አንድ ፒካፕ ከመታጠፊያ በኋላ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል፤ ሾፌሩ እግሩ ተሰብሮ ይጮሃል። ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ጋሽ ቀስታ ሰዎቹን አየ፤ ክንዱ ላይ ያሉትን አራት ኮኖች አየ። መቶ ቢሄድ ኮኑ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ከዓይኑ ውጪ ይሆናል። ሠላሳ ሄደ፣ ደረደረና ተመለሰ።

ሲስተር ቦዩ ውስጥ ተንበርክካ የሰውየውን እግር ታስር ጀመር። ሰውየው ሲሳደብ፣ «ስድቡን አቆይልኝ፣ ሆስፒታል ስንደርስ ትጨርሰዋለህ» ስትለው ጋሽ ቀስታ ሰምቷል። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ማሰሪያው አጠረኝ፣ ያዘው፣ ሌላ ላምጣ» አለችና ወደ አምቡላንሱ የኋላ በር ሄደች። ከኮኖቹ በዚህ በኩል፣ ከመኪናው ጋር ተጣብቃ ቆማ፣ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች።

ነጭ መኪና መታጠፊያውን ዞሮ መጣ። ጋሽ ቀስታ የሰውየውን እግር እንደያዘ የሾፌሩን ፊት አየው፤ ፊቱ ወደ ፒካፑ ዞሯል። ዓይኑ ወደሄደበት እጁም ተከተለ። ፕላስቲክ ሲንኳኳ ተሰማ። ጋሽ ቀስታ ስሟን ጀመረ እንጂ አልጨረሰውም።

ሆስፒታል እስክትደርስ እንኳ አልቆየችም።

በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የስምሪት ኃላፊው ቅፅ ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። አምቡላንሶቹን ወደየአደጋው የሚልከው እሱ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። ያለ ክፋት ጠየቀው።

«ኮኑ እንደ ልማድህ ነበር አይደል? መቶ እርምጃ?»

ጋሽ ቀስታ ራሱን ነቀነቀ። ሰምቻለሁ ለማለት ይሁን አዎ ለማለት፣ በዚያች ደቂቃ እሱም አላወቀውም። ኃላፊው «መቶ» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ግን ጋሽ ቀስታ ያውቅ ነበር፤ አላረመውም። በሳልስቱም አላረመውም። ከዚያ በኋላማ በየቀኑ ማረም ካለፈው ቀን ይልቅ እየከበደው ሄደ።

ያቺ «መቶ» ደግሞ ሌላ ነገር ወለደች። የነጭዋ መኪና ሾፌር፣ «ኮኑን አይቼ መስመሬን ቀይሬ ነበር፤ ልጅቷ ድንገት ወጣችብኝ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ኮኑ መቶ እርምጃ ላይ ከነበረ ለመቀየር ጊዜ ሞልቶታል፤ ስለዚህ ሰውየው ሳይዋሽ አይቀርም ብሎ የሚጠረጥረው ጠፋ። ቦይ ውስጥ የተኛው ቁስለኛ ሰማይ እንጂ ሌላ አላየም። አውቶቡስ ጠባቂዎቹ በአውቶቡሳቸው ሄደዋል። ኮኖቹም ቢሆኑ አይመሰክሩም፤ በዚያ ግርግር መሀል፣ ፖሊስ ሳይደርስ በፊት፣ ሰው አንሥቷቸዋል።

አደጋውን እንዲመረምር የተሰየመው ኮሚቴ የመጀመሪያ ጽሑፉን አወጣ። «ነርሷ ከተከለለው ቦታ ወጥታ ወደ መንገዱ በመግባቷ፣ በራሷ የጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። በሚቀጥለው ሐሙስ ይጸድቃል ተባለ።

የሰው አፍ ደግሞ መዝጊያ የለውም። «ወጣት አይደለች፣ ስልኳን እያየች ይሆናል» አለ አንዱ። «እነዚህ ልጆች ሲያወሩ መንገድ አይታያቸውም» አለች ሌላዋ። የሲስተር እናት የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ያን ሁሉ መጥረጊያዋን ይዛ ኮሪደር ላይ ሳለች ሰማችው።

ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ የጋሽ ቀስታን ቤት አንኳኳች። ባለቤቱ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻት። አልተቀመጠችም።

«ወንድሜ» አለችው፣ «አብረሃት ነበርክ። ልጄ ዝንጉ ነበረች?»

«አልነበረችም» አለ ጋሽ ቀስታ።

«ታዲያ ለምን እንዲህ ይጽፉባታል? ብትሞትብኝ ሞተች። በጥፋቷ ሞተች ሲሉኝ ግን እንደገና የምትሞትብኝ ይመስለኛል።»

ወለሉን አየ። እናትየዋ ትንሽ ጠብቃ፣ «እንግዲህ አንተም አታውቅም ማለት ነው» ብላ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ የስፌት መኪናው ድምፅ አልቀጠለም። ባለቤቱ እጇን ጨርቁ ላይ አድርጋ ታየው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ደብቀሃል?»

ነገራት። አሥራ ሁለቱን፣ አራቱን፣ ሠላሳውን፣ ራሱን መነቅነቁን።

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» አለች ሲጨርስ። «እሱስ በቁም ሰው ነው የሚተረተው። በሙት ላይ?»

«መንጃ ፈቃዴን ይቀሙኛል። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ሊያስሩኝም ይችላሉ።»

«ይችላሉ» አለች። አላባበለችውም። «እኔ እሰፋለሁ። ጨርቅ ቀዶ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም። ያቺን ሰደርያ ግን በእነዚህ እጆች ነው ያጠበብኳት። በሰው ልክ ልብስ ውስጥ ከምትጠፋ፣ በልኳ እንድትቆም ብዬ። ዝንጉ ብለው ጽፈውባት እኔ ምን ብዬ መርፌ ላይ ዓይኔን ላሳርፍ?» ብላ ተነሣችና፣ ጫማውን ከአልጋው ሥር አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። «ሂድ። ከኮሚቴው በፊት ለእናቷ።»

የሲስተር እናት ቤት አንድ ክፍል ነው። ከበሩ ጀርባ የልጅቷ ነጭ ጋዋን ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ እናትየዋ በየሳምንቱ መተኮሷን ገና አላቆመችም። ጋሽ ቀስታ ቁጭ በል ሳይባል ቆመ።

«እህቴ፣ ቅድም ዝም ያልኩሽ ስለማላውቅ አይደለም። ኮኑን ያስቀመጥኩት ሠላሳ እርምጃ ላይ ነው፣ መቶ አይደለም። መቶ ቢሆን ሰውየው ከመታጠፊያው በፊት ያየው ነበር፤ ይቀንስ ነበር፣ ወደ ሌላው መስመር ይገባ ነበር። ሠላሳ ላይ ግን ጊዜ የለውም። ልጅሽ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። በሩን ይዛ ነበር። መቶ ብለው ሲጽፉ አየሁና ዝም አልኩ።»

እናትየዋ እጇ ላይ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ለምንድን ነው ያቀረብከው?»

«እንዳይሰረቅ።»

«ፕላስቲኩ?»

«ፕላስቲኩ።»

ጋሽ ቀስታ ብትጮህበት፣ ብትመታው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ያቺን ቃል እንደ ጠጠር አፏ ውስጥ እያገላበጠች፣ «ፕላስቲኩ» አለች፣ አሁንም «ፕላስቲኩ» አለች።

ከዚያ ቀና አለች። «ሐሙስ ይህንኑ ትላለህ?»

«እላለሁ።»

«ሳትቀንስ?»

«ሳልቀንስ።»

«እንግዲያው ሂድ። እርግማኑ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ትወድህ ስለነበር ነው የዋጥኩት። ጋሼ እንዲህ አለ፣ ጋሼ እንዲህ አደረገ ስትል ነበር የምታመሸው። ሂድ፣ ዳግመኛ ግን እዚህ ቤት እንዳላይህ።»

ሐሙስ ጠዋት የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ጠርሙሶች፣ እየተንገጫገጨ የሚዞር ማራገቢያ ነበር። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። የነጭዋ መኪና ሾፌር ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ መነጽር ያደረገ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ የልጆች አባት የሚመስል ሰው። ጋሽ ቀስታ እስከዚያ ቀን አንድ ጭራቅ ሲጠብቅ ነበር።

ሲጠሩት ቆሞ ተናገረ። ሳይቀንስ ተናገረ። የስምሪት ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጋሽ ቀስታ፣ ምን እያልክ እንደሆነ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«በራስህ ላይ እኮ ነው የምትመሰክረው።»

«ሌላ ሰው ላይ ስመሰክር ነው የሰነበትኩት» አለ ጋሽ ቀስታ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ፀጉሯ የሸበተ መሐንዲስ፣ ወደ ጥጉ ዞረች። «አንተስ? በሠላሳ እርምጃ መስመርህን ልትቀይር ትችላለህ? ቀይረህ ነበር?»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፤ መልሶ አላደረገውም። «የቀየርኩ መስሎኝ ነበር» አለ። «እንደዚያ ነው ለራሴ ስነግረው የከረምኩት። ፒካፑን... ፒካፑን እያየሁ ነበር። ሰው ይኖርበት ይሆን እያልኩ። እሷን ያየኋት ከወደቀች በኋላ ነው።»

ጋሽ ቀስታ ወደ ሰውየው መመልከት አልቻለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ የነበረው እሱ ራሱ ነው፤ ልዩነታቸው ይኸኛው መቆሙ ነበር።

ጸሐፊዋ አሮጌውን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ሰረዘችና አዲሱን ጽፋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ነርሷ በተከለለው ቦታ ውስጥ ሆና፣ ሥራዋን በአግባቡ በመሥራት ላይ ሳለች።» ከዚያ የሁለቱ ሾፌሮች ስምና ጥፋት ተከተለ፤ ጉዳያቸው ወደ ሕግ እንዲመራ፣ የጋሽ ቀስታም መንጃ ፈቃድ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንዲያዝ።

«የመጀመሪያውን ድገሚልኝ» አለች የሲስተር እናት ከኋላ።

ጸሐፊዋ ደገመችላት። እናትየዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃል በቃል ተከተለቻት፤ በቃሏ እስክትይዘው ድረስ። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ጋሽ ቀስታ መንጃ ፈቃዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ሲወጣ፣ እሷ ገና ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ከትምህርት ቤቱ አብረዋት የመጡ ሦስት ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቋት ነበርና ተነሥተው ከበቧት። ከአጠገባቸው በቀር ማለፊያ መንገድ አልነበረምና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ምን አሉ?» አለቻት አንዷ።

«ልጄ ከቦታዋ አልወጣችም» አለች እናትየዋ። «ሥራዋን በአግባቡ እየሠራች ነበር። ተጽፏል።»

ወደ እሱ አልዞረችም፤ እሱም እንድትዞር አልጠበቀም። ሴቶቹ ክንዷን ይዘዋት ደረጃውን ወረዱ። በር ላይ ስትደርስ ለዘበኛው ያንኑ ስትደግምለት፣ ዘበኛውም ልጅቷን ጨርሶ ሳያውቃት፣ «እሰይ፣ እናቴ፣ እሰይ» ሲላት፣ ጋሽ ቀስታ ከላይ ይሰማ ነበር።